የጋሽ ይልማ የሰማይ ግንበኞች

ልጅ ሳለሁ በአሜሪካዋ ጋርላንድ ከተማ ከጋሽ ይልማ በላይ አዋቂ ያለ አይመስለኝም ነበር፤ ለነገሩ እሱም አይመስለውም ነበር። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፣ እዚህ ግን ትቼዋለሁ፤ ምክንያቱ ሲነበብ ይገባል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘመድ ሁሉ እኛ ጓሮ ይሰበሰባል፤ ሥጋው ተጠብሶ ሲያልቅ ፍሙ ላይ እንጨት ይጨመርና፣ ጢሱ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ እኛ ልጆቹ ሣሩ ላይ፣ ጋሽ ይልማ ደግሞ ብቸኛዋ ባለመደገፊያ ወንበር ላይ እንቀመጣለን። ተረት አውሪያችን እሱ ነበር። ያኔ የጅብና የአህያ ተረት የሚያወሩ ሽማግሌዎች እንዳሉ አላውቅም ነበር፤ የኛው ከቴሌቪዥን የለቀመውን ነው የሚያወራልን፣ ለኛ ብሎ እንግሊዝኛ እየቀላቀለ፣ ጉሮሮውን እየጠረገ።

ከሁሉ የሚወደው የኢንካዎችን ነበር። ፔሩ በሚባል አገር፣ ተራራ ላይ፣ መኪና የሚያህሉ ድንጋዮች ያለ ሲሚንቶ ተገጣጥመው ቆመዋል፤ በመሃላቸው ምላጭ አይገባም። እስከዚህ እውነት ነው። «ሶ፣ ማን ሠራው?» ይላል ከዚያ፣ ወደ ሰማይ አንጋጦ። «ብረት የላቸው፣ ጎማ የላቸው! ማለቴ፣ እስቲ አስቡት፣ እነዚህ ናቸው ይህን የሚሠሩት? ከላይ የወረዱ ናቸው እንጂ!» አዋቂዎቹም «ወይ ጉድ!» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንድም ቀን መጽሐፍ ሲገልጥ አላየሁትም። ግን ድምፁ ወፍራም ነበር፤ በኛ ዘመዶች ዘንድ ወፍራም ድምፅ እንደ ዲግሪ ይቆጠራል።

አንድ እሑድ ኢልዳ አብራኝ ነበረች። አጥር የምንጋራት የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ ያኔ ያለችኝ ጓደኛ እሷ ብቻ። ወላጆቿ ከኩስኮ፣ ከዚያው ከኢንካዎቹ አገር ናቸው። ጋሽ ይልማ ተረቱን ሲጨርስ ክፍል ውስጥ ያለች ይመስል እጇን አወጣች። «አያቴ ወስዶ አሳይቶኛል» አለች በእንግሊዝኛ። «ድንጋዩን በድንጋይ ነው የቀጠቀጡት። መዶሻ ያደረጓቸው የወንዝ ድንጋዮች ድንጋዩ በወጣበት ካባ ውስጥ እስከ ዛሬ ይገኛሉ። ሲጎትቷቸው መንገድ ላይ የቀሩም አሉ። የደከሙ ድንጋዮች እንላቸዋለን።»

«ድንጋይ ይደክማል?» አለ ጋሽ ይልማ፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አዋቂዎቹም ሳቁ፤ እሱ ሲስቅ መሳቅ ልማዳቸው ነው። «የኔ ልጅ፣ አያትሽ ጥሩ ሰው ይሆናሉ። ግን የናንተ ሰዎች ይህን አልሠሩም።» ኢልዳ ፊቷ ቀላ፤ ተነስታ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች። ዛሬ እንዲህ ከሄደች አትመለስም ብዬ ፈራሁ።

ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ይኸው ሰውዬ፣ በዚያችው ወንበር ላይ፣ ላሊበላን የፈለፈሉት የውጭ ሰዎች ናቸው የሚል ፕሮግራም አይቶ ሲንጨረጨር አምሽቶ ነበር፤ «የአባቶቻችንን ሥራ ሊነጥቁን! ውሸታሞች!» እያለ።

«ጋሼ» አልኩት፣ «የኛን ሌላ ሰው ሠራው ያሉትን ውሸታሞች ብለው አልነበር? አሁን እርስዎ የነኢልዳን እንዲያ ሲሉ ያው አይደል? እርስዎም ይዋሻሉ።»

የተረታ ትልቅ ሰው ምን እንደሚያደርግ ያን ዕለት አወቅሁ፤ ይቀየማል። «እንዲህ ነው ያሳደጋችኋት?» ብሎ የመኪናውን ቁልፍ አነሳ። የእናቴ ፊት ዐመድ መሰለ። ሁሉም ተንጫጩ፣ እጁን ይዘው ለምነው መልሰው አስቀመጡት። ስለ ላሊበላም ሆነ ስለ ኢንካ አንዲት ቃል ያነሳ የለም፤ ጉዳዩ ሽማግሌ መድፈሬ ብቻ ሆነ። «ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ትጠይቅ!» አለች አክስቴ። በአገራቸው ወግ የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ የተቀየመው እግር ሥር ይወድቃል። እናቴ ደግሞ ጆሮዬ ሥር፣ «ትሸከሚያለሽ። እምቢ ካልሽ ያቺ ልጅ ሁለተኛ እዚህ ቤት አትገባም» አለችኝ።

ድንጋይ ከየት ይምጣ? ሰፈሩ ሁሉ ሣርና ኮንክሪት ነው። በመጨረሻ ከፊት በር፣ ከአበባው መደብ ዳር፣ አንድ ነጭ ድንጋይ ነቀልኩ። ሆዴ ላይ አቅፌው ጥቂት እንደሄድኩ ክንዴ ዛለና መሬት ጣልኩት። ኢልዳ ጫማዋን አድርጋ በራቸው ላይ ቆማ ነበር። መጣችና ምንም ሳትለኝ በአንድ በኩል ያዘች። እያረፍን፣ እየተንገዳገድን፣ ጓሮው ድረስ ወስደን ጋሽ ይልማ እግር ሥር ዱብ አደረግነው።

«ጋሼ» አልኩ እያለከለክሁ፣ «ይሄን ድንጋይ ያመጣነው እኔና ኢልዳ ነን። ከሰማይ ማንም አልወረደም።»

ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ግንባሬን ስሞ «ይቅር ብዬሻለሁ ልጄ፣ እደጊ» አለኝ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ እናቴ እንባዋን ጠረገች። ሰው እንዲህ ይደነቁራል? ኢልዳ ብቻ አፏን በእጇ ይዛ ትስቅ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ያንኑ ተረት ደገመው አሉ፣ ያውም አሳምሮ። እኔ አልሰማሁትም፤ ከአጥሩ ማዶ፣ የኢልዳ አባት ከኢንካዎቹ በፊት ስለነበሩት ሕዝቦች ሲያወራ እየሰማሁ ነበር።

ጋሽ ይልማ አርፏል፤ ለቅሶው ላይም «ታሪክ አዋቂ» ተባለለት፣ ይባልለት። ኢልዳ ዛሬ እዚያው አጠገብ፣ ዋይሊ የምትባል ከተማ ነው የምትኖረው፣ አሁንም ጓደኛዬ ናት። ከዚያ ጓሮ የቀረኝ እሷና አንድ ንቀት ነው፣ ንቀቱንም ልተወው አልፈልግም። ያን ማታ ሁለት ልጆች ድንጋይ ይዘን ስንንገዳገድ ያ ሁሉ ትልቅ ሰው ተቀምጦ አየን፤ ብድግ ብሎ ጫፉን የያዘልን አንድ እንኳ አልነበረም። ግንብ በሰው እጅ እንደሚሠራ እነሱ በምን ያውቁታል?