የጭነት ቋጠሮ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ሰሚራ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና ሮለር ኮስተር የሚሉትን አሳየችኝ። ባቡሩ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል ይወረወራል። ሐዲዱ ቀለበት ሠርቶ ሰዎቹን ይዘቀዝቃቸዋል፤ ቀጥሎ እንደ ቡሽ መክፈቻ ይጠማዘዛል።

"ይቺን ጉብታ እዪማ፣ እማማ። እዚህ ጋ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ።"

ጉብታዋን አውቃታለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ከድር እዚሁ ኮልፌ በያጅ ነበር። አንድ ዓመት የሰፈሩን ልጆች ለአረፋ ላጫውት ብሎ ከቆሼ በተለቀመ ብረት ከቤታችን በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ሐዲድ ዘረጋ፤ አንድ ቁልቁለት፣ አንድ መታጠፊያ፣ መጨረሻው ላይ አንድ ጉብታ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበር፤ መሬቱ እርጥብ ሣርና ዝገት ይሸታል።

በዋዜማው በሐዲዱ ላይ እንዲሄድ የሠራውን ጋሪ አሸዋ በተሞላ ማዳበሪያ ሞከረው። ማዳበሪያውን በሽቦ ጠፍሮት ስለነበር ደህና ደረሰ። ከዚያ ጓደኛዬ ራህማ እኔ ልቅደም አለች። የጀመረችውን የተጠበሰ በቆሎ እኔ እጅ ላይ ትታ ገባች።

"ሽቦ ይቆርጣታል፤ አንቺ በገመድ እሰሪያት" አለኝ ከድር።

ያን ጊዜ ከትምህርት ቤት መልስ ከጫካ እንጨት እሸከም ስለነበር የማውቀው አንድ ቋጠሮ ብቻ ነው። የእንጨት ተሸካሚ ቋጠሮ ጫፉ ሲሳብ ባንዴ ይፈታል፤ ሰው ከወደቀ ጭነቱ እንዳይጫነው ነው።

"እንደ እንጨትሽ ጠፈርሽኝ እኮ" አለች ራህማ።

"እንጨቴ ወድቆ አያውቅም" አልኳት።

ጉብታው ላይ ጋሪው ዘለል ሲል ራህማ የምትይዘው አጣች። የገመዱን ጫፍ ጨብጣ ሳበች። ቋጠሮው ባንዴ ሲፈታ ቆሜ አየሁት። በጀርባዋ ድንጋይ ላይ አረፈች። በሦስተኛው ቀን ቀበርናት። በቆሎው የት እንደወደቀ አላስታውስም።

ሰፈሩ ሁሉ የከድር ጉብታ ገደላት አለ። እሱም ሐዲዱን በገዛ እጁ ቆራረጠው፤ ከዚያ ወዲህ የብየዳ ዕቃ አልነካም። አምና እስኪሞት ድረስ ሻይ ይዤለት በሄድኩ ቁጥር "ትንሽ ዝቅ ባደርገው ኖሮ" ይለኝ ነበር። ስኳሩን አማስልለት ነበር። ስለ ገመዱ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ እነግረው ነበር ብዬ ራሴን አላታልልም።

"ደረታቸው ላይ ያለውን ብረት ማን ነው የሚከፍተው?" አልኳት ሰሚራን።

"ሠራተኛው ነዋ፣ ሲቆም። የተሳፈረው ሰው ቢፈልግም አይከፍተውም።"

ቪዲዮውን እንድትደግምልኝ ጠየቅኋት። ጉብታዋ ጋ ሲደርሱ እጆቻቸውን አየሁ። ሁሉም ወደ ላይ ዘርግተዋቸዋል፤ ምንም የጨበጠ የለም።