የሐጂው መፈክር

ጆሃንስበርግ ውስጥ አሜሪካን እንደኔ ያንቀጠቀጠ ሐበሻ አልተፈጠረም። ሲይዙኝ አርባ ፖሊስ ነው የከበበኝ! እሺ፣ አራት። እሺ፣ አንዲት ፖሊስ ናት ክንዴን ይዛ «ና ባባ፣ ግባ» ያለችኝ። ሌላው ሰልፈኛ ሲበር እኔ የቆምኩት የጫማዬ ሶል ተገንጥሎ ነው።

ሰልፉ አሜሪካ በሰው አገር ጦር ማዝመቷን የሚቃወም ነበር፤ ፈቃድ ግን አልነበረውም። የታሰርንባት ክፍል ከስፓዛዬ፣ ከሰፈር ችርቻሮ ሱቄ ጓዳ ትጠባለች። በረኪናና እርጥብ ብርድ ልብስ ትሸታለች። አብረውኝ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ቴምቢሳ ሰፈር ሱቅ ያለው የሆሳዕና ሰው ነው። ሌላው ፎርድስበርግ ሰፈር ጨርቅ የሚሸጡ ሱማሌ ሽማግሌ ናቸው፤ ሐጂ እንላቸዋለን። አማርኛ የለመዱት ጅግጅጋ በስደት ሳሉ ነው። እኔ ይዤው ቆይቼ በግርግሩ ከእጄ የወደቀው መፈክርም የሳቸው ነበር፤ ጉልበታቸውን ሲያማቸው «ትንሽ ያዝልኝ» ብለው ሰጥተውኝ ነው።

ፖሊሷ አስቀድማ ነግራናለች፤ የመፈክሩ ባለቤት ያድራል፣ የመኖሪያ ወረቀቱም ይመረመራል። ሌሎቹ ተመክረው ይለቀቃሉ። የሐጂ የጥገኝነት ወረቀት ጊዜው አልፏል። ከተመረመረ መባረር ነው።

ፍርሃታችንን «አሜሪካ ጦር የምታዘምተው ለምንድን ነው?» በሚል ክርክር ሸፈንነው።

«ነዳጅ ነው ጋሼ!» አለ የሆሳዕናው። «ነዳጅ ባይኖር ማን ዞር ብሎ ያየን ነበር?»

«ምርጫ ነው እንጂ!» አልኩ። «ፕሬዚዳንቶቻቸው ቦምብ ካልጣሉ ቁርስ አይበላላቸውም።»

ሐጂ ሳቁ። «እኛ ዘንድ ነዳጅ አልቀዱም። የተራበ እናበላለን ብለው መጡ። አብልተውኛል፤ በስንዴው ጆንያ ላይ ተኝቻለሁ። ኋላ ሄሊኮፕተራቸው የወንድሜን ቤት መታው። ሰው አልተረፈም።»

«ታዲያ አሜሪካኖቹ የመጡት ለምንድን ነው?» አልኩ።

«ለሁለቱም፤ ለማብላትም ለመምታትም። ስንዴውን ያወረደው ወታደር ከልቡ ነበር፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። የላከው ሌላ ሐሳብ ነበረው። ምክንያቱ አንድ ቢሆን መች ይቸግረን ነበር?»

በሩ ተከፈተ። ፖሊሷ በአንድ እጇ መፈክሩን፣ በሌላው ከኪሳችን የተራገፈውን ዕቃ በፌስታል ይዛለች።

«ይሄ የማን ነው?»

የሆሳዕናው ወለሉን አየ። ሐጂ ጉልበታቸውን ይዘው ሊነሱ ታገሉ።

«የኔ ነው!» አልኩ። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳልተኛ የጻፍኩት!»

ሐጂ ኮቴን ጎተቱ። አልዞርኩም።

ፖሊሷ ከፌስታሉ የታጠፈች ወረቀት አወጣች፤ ስሜ አለበት። አነበበች፣ መፈክሩን አየች፣ ደግማ አነበበች። ከዚያ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች።

«ባባ፣ ይሄኛው ‹አሜሪካ፣ ከሰው አገር ውጪ› ይላል። ይሄኛው ደግሞ ‹አሜሪካ፣ አስገቢኝ› ነው የሚለው!»

ዲቪ መሙላቴን የሚያረጋግጠው ወረቀት ነበር። ጠዋት ኢንተርኔት ቤት ሞልቼ በዚያው ወደ ሰልፉ መሄዴ ነው።

ሐጂ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ምክንያት አንድ አይደለም አላልኩህም?»

ሁለቱ በዚያው ምሽት ተለቀቁ። ሐጂ ሲወጡ ፎጣቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። እኔ አደርኩ። በማግስቱ ወረቀቴ ተመርምሮ፣ ተመክሬ ወጣሁ።

ዛሬም በፎርድስበርግ ሳልፍ ሐጂ ከጨርቃቸው መሃል ይጣራሉ፤ «ሐበሻው! ወጣልህ?»

«አልወጣም ሐጂ!»

ሰልፍ ሲኖር እሄዳለሁ፤ ስጮህም ከልቤ ነው። ከዚያ ወዲህ ዲቪም ሦስት ጊዜ ሞልቻለሁ። ሦስቱንም ፎቶ የተነሳሁት በዚያው በሰልፉ ኮት ነው።