ለእኔ ያልተነገረኝ የደም ግፊት

መጀመሪያ የመጣው ራስ ምታት ነው። በተሰደድኩበት አገር፣ ማሪቢርኖንግ በሚባል ሰፈር፣ ከገበያ ማዕከሉ ወጥቼ ትራም ስጠብቅ ግንባሬን ወጋኝ፤ ከዚያ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ አለብኝ። የሁዳዴ ጾም ስለነበር በጾሙ አሳበብኩ። የእግሬን እብጠት ደግሞ ፋብሪካ ውስጥ ቆሞ መዋል ያመጣው መሰለኝ። ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው፤ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ነበር።

ክሊኒክ ስሄድ አዋላጇ የደም ግፊቴን ለካች። ደግማ ለካች። ሽንቴን መረመረች። በዚያው ቀን ሆስፒታል ተኛሁ።

እንግሊዝኛዬ ለሥራ እንጂ ለሐኪም አይበቃም። የሚያስተረጉምልኝ ባለቤቴ ግርማ ነበር። ዶክተሯ አንዴ ሆዴን፣ አንዴ ጭንቅላቴን እያሳየች ብዙ ተናገረች።

«ደህና ነሽ፤ ዕረፍት ነው የሚያስፈልግሽ» አለኝ ግርማ።

«ያን ሁሉ ተናግራ ይህን ብቻ?»

«ፈረንጅ ወሬ ሲያበዛ አታውቂም?»

ሳቀ። እኔን ግን አላየኝም።

በማግስቱ ወረቀት አመጡ። ዶክተሯ «ሪሰርች» ስትል ሰማኋት፤ ጥናት ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር። ግርማ «መድኃኒት ሊሰጡሽ ነው፣ ፈርሚ» አለኝ። አልፈርምም አልኩ። ስደተኛ ስለሆንኩ ሊሞክሩብኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ክኒን ሲሰጡኝ አልውጥም፣ መርፌ ሲያመጡ ክንዴን እሸሽጋለሁ። ግርማና ዶክተሯ ኮሪደር ላይ ይንሾካሾካሉ፤ ስጠራው ዝም ይላሉ። ልጁን እንጂ እኔን አይፈልጉኝም አልኩ። ባሌንም ጠረጠርኩት።

ሆስፒታሉ አስተርጓሚ ጠራ። የመጡት በቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው እትዬ ብርቄ ናቸው። ግርማ በሩ ላይ ለመናቸው።

«እትዬ፣ እባክዎ፣ ለነፍሰ ጡር እንዲህ ያለ ክፉ ወሬ አይነገርም።»

«መርዶ የሚነገረው ሰው ከሞተ በኋላ ነው ግርማ። ይቺ በሕይወት አለች። ዞር በል!»

ዶክተሯ ተናገረች፤ እትዬ ብርቄ አንድም ቃል ሳያስቀሩ አደረሱልኝ።

«ሕመምሽ ፕሪኤክላምፕሲያ ነው፤ በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት። ኩላሊትሽና ጉበትሽ እየተጎዱ ነው። የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊመጣብሽ ይችላል። መፍትሔው መውለድ ነው፤ ልጁ ግን ጊዜው አልደረሰም። ሁለታችሁንም ላናተርፍ እንችላለን።»

«ወረቀቱስ?» አልኩ።

«መንቀጥቀጡን ይከላከላል የምንለውን መድኃኒት እያጠናን ነው። አንዷ መድኃኒቱን ታገኛለች፣ ሌላዋ ፕላሴቦ። ለማን የቱ እንደደረሰ እኔም አላውቅም። እምቢ ብትዪ ሕክምናሽ አይጓደልም።»

«ፕላሴቦ ምንድን ነው?»

«መድኃኒት የሌለበት ውሃ» አሉ እትዬ ብርቄ። «ጠበል እንኳ አይደል።»

ጥናቱን እምቢ አልኩ፤ ልጁ በኦፕራሲዮን እንዲወጣ ግን ፈረምኩ። የዶክተሯን ፊት አየሁ። አልተቆጣችም። ያኔ ክንዴን ሰጠኋት።

አዋለዱኝ። ልጄ አላለቀሰችም። ቆየች። አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ግፊቴ እስኪወርድ ሳምንታት ፈጀ፤ ልጄ በማሞቂያው ሣጥን ውስጥ ስታድር ግርማ ከሥራ በቀጥታ እየመጣ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ በአንድ ጣቱ ጀርባዋን ይዳብስ ነበር። አንድ ቀን ለምን እንደዋሸኝ ጠየቅሁት። «እናቴ በወሊድ ስትሞት ምንም ሳታውቅ በሰላም ሄደች ይሉኛል» አለኝ። «እኔ የማውቀው ደግነት ይኸው ነው።»

ልጃችን አድጋ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ግርማ ካረፈ ዓመት አልሞላውም፤ ይህንንም የምጽፈው በየመሃሉ እያቋረጥኩ ነው።

እርጉዝ ሆነሽ ራስሽን ካመመሽ፣ ዓይንሽ ከተብለጨለጨ፣ ፊትሽ ወይም እጅሽ ካበጠ በጾም አታሳብቢ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ታዪ። አስተርጓሚ ጠይቂ፤ የሚወድሽ ሰው ግን አያስተርጉምልሽ። ከጠረጠርሽ እንደኔ ክንድሽን አትሸሽጊ፣ ጠይቂ።

ዶክተሯንና እትዬ ብርቄን አመሰግናለሁ። እኔ እምቢ ያልኩትን ወረቀት የፈረሙትን፣ ስማቸውን የማላውቃቸውን ሴቶችም አመሰግናለሁ፤ ከእኔ በኋላ ለታመሙት የሚሰጠው መድኃኒት በእነሱ ክንድ ያለፈ ነው። ለግርማ ምስጋናም ቁጣም አለኝ። ሁለቱንም ሳልነግረው ሄደ።