የማይጠራው ውሃ

አገሬ ሳለሁ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበርኩ። ካርቱም ከገባሁ በኋላ ግን ሁለት ዓመት ያህል አል-ማንሺያ በሚባል ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ወለል ስወለውል ኖርኩ። የቤቱ እመቤት እህት አርካዊት ሰፈር ውስጥ የውሃ መመርመሪያ ቤተ ሙከራ ነበራቸው። ሰው ሁሉ "ዶክቶራ" ነው የሚላቸው። አንድ ቀን ምሳ መጥተው፣ የቤቱ ልጅ ያቃታትን የኬሚስትሪ ጥያቄ ሳስረዳት ሰሙኝ። በሳምንቱ ብልቃጥ እንዳጥብላቸው ወሰዱኝ፤ ብዙም ሳይቆይ ናሙና ራሴ መለካት ጀመርኩ። ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ወረቀቴን፣ ያሳደሱልኝም እሳቸው ናቸው።

ናሙናው የሚመጣው ከሩቅ፣ ከነዳጅ ጉድጓዶች ነበር። በቢጫ ጄሪካን ጭነው የሚያመጡት የዚያው አገር ሰው የሆኑ ሸምገል ያሉ ሾፌር ናቸው። እኔ "ያ ዓሚ" እላቸዋለሁ፣ እሳቸው "ያ ቢንቲ" ይሉኛል፤ አጎቴ፣ ልጄ እንደማለት ነው።

ነዳጅ ሲወጣ ውሃም አብሮ ይወጣል፤ ውሃው ጉድጓዶቹ አጠገብ ያለ ኩሬ ውስጥ ይለቀቃል፣ የኛ ሥራ ምን ያህል ዘይት እንደቀረበት መለካት ነበር። መጀመሪያ ይመጣልን የነበረው ውሃ አያስቸግርም። ረጅም የመስታወት ሲሊንደር ውስጥ ገልብጬው ጥቂት ቆይቼ ስመለስ ዘይቱ ከላይ ተንሳፍፎ፣ ውሃው ከስር ለብቻው ተለይቶ አገኘዋለሁ። ጉድጓዶቹ እያረጁ ሲመጡ ግን ድንጋዩ ላይ ተጣብቆ የቀረውን ዘይት አጥቦ እንዲያወጣ ብለው ሳሙና መሰል ኬሚካልና ውሃ የሚያወፍር ዱቄት ወደ ጉድጓዱ መጨመር ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ውሃ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። አንድ ሰዓት ብጠብቀው ያው ነው። በማግስቱ ባየውም ያው ነው። ሳሙናው እያንዳንዷን የዘይት ጠብታ ሸፍኖ ከሌላዋ ጋር እንዳትቀላቀል ይከለክላታል፤ የወፈረው ውሃ ደግሞ ወደ ላይ እንዳትወጣ ይይዛታል። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። ለተማሪ የማሳየው ነገር ያገኘሁ ያህል ቆሜ አየው ነበር።

አንድ ቀን የነዳጁ ሥራ መሐንዲስ መጥቶ ከዶክቶራ ጋር በር ዘግተው ተነጋገሩ። እሱ ሲሄድ እሳቸው ወደኔ መጡ።

"ከዛሬ ጀምሮ ከመለካትሽ በፊት አሲድ ጠብ አድርጊበት" አሉኝ።

"አሲድ ከገባበትማ ይጠራል። እዚያ ኩሬው ውስጥስ አሲድ ይጨምራሉ?"

"እሱ የነሱ ጉዳይ ነው። ኻላስ፣ በቃ።"

አደረግኩ። ዘይቱ ተንሳፈፈ፣ ውሃው ጠራ፣ ከስር ቀድቼ ለካሁ፣ ዶክቶራ ፈረሙ። አራት ወር እንዲህ ሄደ። እኔ ታዛዥ ነኝ፣ ፈራሚዋ እሳቸው ናቸው እያልኩ ራሴን አሳምን ነበር። ኢቃማዬም ትዝ ይለኝ ነበር።

ከዚያ አንድ በጣም በሚያቃጥል ቀን ሾፌሩ ጄሪካኖቹን አውርደው ጥላው ሥር ሻይ ሲጠጡ ጠሩኝ።

"ያ ቢንቲ፣ ይሄ ውሃ ንጹህ ነው አይደል?"

"ማን አለዎት?"

"ወረቀቱ ነዋ። መሐንዲሱ ለመንደራችን ሰው አንብቦልናል። ካርቱም ተመርምሮ ንጹህ ተብሏል አለን። ኩሬው አጥር የለውም፣ የወንድሜ ከብቶች እዚያ ነው የሚጠጡት።"

"ከብቶቹ ደህና ናቸው?"

"ሁለት ላሞች ጽንሳቸው ጨነገፈ። አንዷ ሞተች። እኛ ድርቁ ነው ብለን ነበር።"

ዶክቶራ አልነበሩም። ሾፌሩን ወደ ውስጥ አስገብቼ ከአንዱ ጄሪካን ሁለት ሲሊንደር ሞላሁ፤ አንዱ ላይ አሲድ ጠብ አደረግኩ፣ ሌላውን ተውኩት። ሻያቸውን ይዘው ቆመው አዩ። አንዱ እየጠራ ሄደ። ሌላው እንደደፈረሰ ቀረ።

"ኩሬያችሁ የትኛውን ይመስላል?" አልኳቸው።

የደፈረሰውን አሳዩኝ።

"እንግዲያው ከብት አያጠጡበት። ንጹህ የተባለውን የለካሁት እኔ ነኝ፤ የለካሁትም ይሄንን አሲድ ያለበትን ነው።"

"ካወቅሽ ስንት ጊዜሽ ነው?"

"አራት ወር።"

በጥምጣማቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር። "አላህ ይቅር ይበልሽ" ብለው ወጡ።

ሁለት ሳምንት አልሞላም፣ መሐንዲሱ በንዴት መጣ። ከብት አርቢዎቹ ከብቶቻቸውን ከኩሬው አርቀው፣ ሽማግሌዎቻቸው ደግሞ የነዳጅ ሠራተኞቹ ካምፕ በር ላይ ተቀምጠው ኩሬው ይታጠር እያሉ ነው። እሱ ሲሄድ ዶክቶራ አስጠሩኝ።

"የነገርሽው አንቺ ነሽ?"

"አዎ።"

"ለምን መጀመሪያ እኔን አልጠየቅሽም?"

"የጠየቅኩዎ ቀን ኻላስ ብለውኛል።"

ዓይናቸውን ወደ ጠረጴዛው መለሱ። "ይሄ ሥራ ከተወሰደብን እዚህ ያለው ሠራተኛ ሁሉ ቤቱ ይቀመጣል። ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

"እስከ ሐሙስ ሥሪ። ኢቃማሽን አልነካም፤ ጊዜው እስኪያልቅ ያንቺ ነው።" ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይሄን ስል የሚቀየሙኝ ወዳጆች አሉኝ።

ጀብራ ሰፈር አንዲት አሮጊት ለማስታመም ተቀጠርኩ። ከወራት በኋላ ሾፌሩ ደወሉልኝ። ኩሬው በሽቦ ታጥሯል። እሳቸውን ናሙና ከማመላለስ አንስተው ሌላ መኪና ሰጥተዋቸዋል። የወንድማቸው ከብቶች አሁን ውሃ ለመጠጣት ግማሽ ቀን ይነዳሉ።

"ወንድምዎ ስለኔ ያውቃሉ?" አልኳቸው።

"ነግሬዋለሁ። የነገርሽንንም፣ የዘገየሽበትንም። ሁለቱንም ይዞታል።"

ስንት ከብት እንደሞተ ልጠይቃቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ስለ ጤናቸው ጠይቄ ተሰናበትኳቸው።