ከሣራችን የለቀቅሁት ውሃ

ስለ አንድ ግቢ ሣርና ስለ አንድ ቦይ መጻፍ ተገቢ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ሁለት ሦስት ጊዜ ጀምሬ «ይህ ምኑ ይነገራል?» ብዬ ትቼዋለሁ። ግን ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ ዝናብ ባካፋ ቁጥር አንድ ጎረቤታችን ትዝ ይሉኛል፤ ሳልጽፈው ብቀር ውለታ የረሳሁ ይመስለኛል።

ቤታችን ደሴ፣ ሆጤ ውስጥ፣ ተዳፋት ላይ ነው። እናቴ ከበረንዳው ፊት ለፊት ሰርዶ ተክላ ነበር። ረቡዕ ረቡዕ ከቤተ ክርስቲያን የሚመጡ እናቶች በበጋ ምንጣፍ አንጥፈው የሚጸልዩት እዚያ ሣር ላይ ነው። አፈሩ ግን ጥቁር መረሬ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ አያሰርግም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ ምደባ በምጠብቅበት ነሐሴ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሦስት ቀን በተከታታይ ወረደብን። ሣሩ ኩሬ ሆነ፤ መሽተትም ጀመረ።

አባቴ የሚሠራው ኮምቦልቻ ስለሆነ ቤት የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር። ሲመጣ ግቢው ደርቆ እንዲያገኘውና «ጎበዝ ልጄ» እንዲለኝ ፈለግሁ። ዓርብ ዶማ ይዤ ከኩሬው እስከ ታችኛው አጥር ቀጥ ያለ ቦይ ቆፈርኩ። ውሃው እየተንደረደረ ሄደ። እናቴ አጨበጨበችልኝ። ከአጥሩ ማዶ ወዴት እንደሚሄድ ግን አላየሁም፤ እውነቱን ለመናገር፣ አላሰብኩትም።

ቅዳሜ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ከበታችን የሚኖሩት አዛውንት ናቸው። ቦሩ ሜዳ ሲያርሱ ኖረው፣ ባለቤታቸው እግራቸውን ሲታመሙ እርሻውን ለልጆቻቸው ትተው ከተማ የገቡ ሙስሊም ገበሬ ነበሩ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ተጠቅልሏል።

«ቤታችሁ ደህና ነው?» አሉ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ። «ከላይ ውሃ በኃይል መጣብን። የናንተ ግድግዳ የወደቀ መስሎኝ፣ ወላሂ፣ ደነገጥኩ።»

«እኛስ ደህና ነን። እርስዎ ጋ ምን ሆነ?» አለች እናቴ።

«የጓዳው ምርግ ከሥር ተልጦ እንጨቱ ይታያል። የባለቤቴን አልጋ ወደ ሳሎን አወጣሁት። አብሽሪ፣ ሰው አልተጎዳም።»

ዝም ብል ጥፋቱ የዝናቡ ሆኖ ይቀር ነበር። ግን እኚህ ሰው የመጡት ሊወቅሱን አይደለም፤ ለእኛ ደንግጠው ነው።

«ጋሼ፣ ውሃውን የለቀቅሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ወደ ግቢው ገብተው ቦዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። ቁጣ ጠበቅሁ።

«እንዲህ መቆፈር ማን አስተማረሽ?»

«ማንም።»

«ያስታውቃል» አሉ። እናቴ ሳታስበው ሳቀች።

መጀመሪያ ቦዩን በድንጋይና በሣር ጓል አስደፈኑኝ። ከዚያ በከዘራቸው መሬቱ ላይ መስመር አሰመሩ፤ መስመሩ ሣሩን በአግድም ቆርጦ ወደ መንገዱ ቦይ ይወርዳል። በአገራቸው እርሻ ላይ እንዲህ ያለውን ማፋሰሻ ፈሰስ ይሉታል። «ፈሰስ እንዲህ ገደድ ብሎ ነው የሚወጣው። ቁልቁል ከለቀቅሽው አፈርሽንም ይዞ ይሄዳል፤ የሰው ቤትም ያፈርሳል። ደግሞ እኛ ዘንድ ከበታች ያለውን ሰው ሳያማክሩ ፈሰስ አይከፈትም።»

«ካሁን በኋላ አማክርዎታለሁ» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

«እንግዲህ ያው አማከርሽኝ። ቆፍሪ።»

ረመዳን ነበር። ውሃ ሳይቀምሱ እስከ ቀትር ከአጠገቤ ቆመው አሳዩኝ። አባቴ ከሚኒባስ ወርዶ ሲደርስ እኔ ጭቃ በጭቃ ሆኛለሁ። ነገሩን ሰማና ጫማውን አውልቆ አካፋ አነሳ።

በሳምንቱ ሌላ ከባድ ዝናብ መጣ። ነጠላዬን ደርቤ ሮጬ ጓዳቸው ጀርባ ቆምኩ። በግድግዳው ሥር አንዲት ጠብታ አልመጣችም። ፈሰሱ ሞልቶ በመንገዱ በኩል ይወርድ ነበር። እዚያው ዝናቡ ውስጥ ቆሜ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ግድግዳው ግን ገና እንደተላጠ ነበር፤ እሳቸውም «ፀሐይ ሳይወጣ ምርግ አይይዝም» ስላሉ ባለቤታቸው፣ እትዬ፣ ሳሎን ውስጥ እንደተኙ ሰነበቱ።

መስከረም ሲጠባ ጋሼ ከቦዩ ያወጣሁትን አፈር እንዳልጥለው ነገሩኝ። ጭድ ጨምረን አቦካነው፤ እኔ በእግሬ ረገጥኩት። እትዬ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይስቁብኛል።

«ግድግዳዬን ያፈረሰችው ራሷ ልትመርግልኝ! ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ይኼን ነው?»

«ገና አልገባሁም፣ እትዬ።»

«እንግዲያ ሳትገቢ ተመረቅሽ በይኛ!»

ሣሩንም አፈሩ በእጅ ሲይዙት መጣበቁን እስኪተው ጠብቀን፣ የሰመጠውን ቦታ በአሸዋና በፍግ ሞልተን ሰርዶውን መልሰን ተከልን። ጋሼ አጥሩን ተደግፈው ሲያዩን ቆዩና «እኛ ሰርዶ ስንነቅል ዕድሜያችን አለቀ፤ እናንተ ደግሞ ትተክሉታላችሁ!» አሉ። ቢሆንም በማግስቱ አንድ ጆንያ ፍግ አመጡልን።

ምርጉ ሲደርቅ እዚህም እዚያም ተሰነጠቀ፤ ስንጥቁን በቀጭን ጭቃ ደገምኩት። መዳፌን አስደግፌ ስሞክረው ጠንካራና ደረቅ ነበር። አባቴና እኔ የእትዬን አልጋ ግራና ቀኝ ይዘን ወደ ጓዳው መለስነው። እትዬም ጋደም ብለው ግድግዳውን በእጃቸው ዳበስ አደረጉትና «አልሃምዱሊላህ» አሉ። ቀኑ ቅዳሜ፣ መስከረም 29 ቀን 2003 ዓ.ም. ነበር።