ገና ያልደረሰው ቀን

ሰብሌ የምትውለው የሰው ችግር ስትጽፍ ነው። ላሊበላ ውስጥ፣ ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከቆርቆሮ በተሠራች ጠባብ ክፍል አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያና አንድ አግዳሚ ወንበር አላት። አቤቱታ ያለው፣ ውክልና የሚፈልግ፣ ከወንድሙ ጋር በድንበር የተካሰሰ ሁሉ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ታሪኩን ከሰባት ቤት ጀምሮ ያወራላታል። እሷ ከዚያ ሁሉ ወሬ ስድስት መስመር አውጥታ ታትምለታለች። ሥራዋን ታውቃለች። «ባለቤቴ በሞት ስለተለየኝ» የሚለውን ለስንት ሴት እንደጻፈችው ቁጥሩ ጠፍቷታል፤ ጣቶቿ ያለ እሷ ይጽፉታል።

ለራሷ ግን ጽፋው አታውቅም። ባሏ ደሳለ አስጎብኚ ነበር፤ ስኳርም ነበረበት። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ በጦርነቱ መንገድ ተዘግቶ መድኃኒት ከከተማው ሲጠፋ፣ አሥራ አንድ ቀን ታግሎ አረፈ። አቀባበሩም እንደ ሰው አልነበረም። ድንኳን አልተጣለ፣ አልቃሽ አልመጣ፤ ሁለት ቄሶችና አራት ጎረቤቶች በጥድፊያ አፈር አልብሰውት ተመለሱ። ሰብሌ አላለቀሰችም። ቤት ገብታ ለመጡት እጅ መታጠቢያ ውኃ አቀረበች። ማታ አለቅሳለሁ ብላ ነበር፤ ማታ ደግሞ ልጇን አስተኛች።

ከዚያ ወዲህ ደንዝዛለች። ልብስ አስጥታ ዝናብ ሲመጣ ደጃፍ ቆማ ሲርስ ታየዋለች። አንድ ጊዜ የዘይት ጀሪካን ተገልብጦ እግሯ ሥር እስኪደርስ ሲፈስ አይታ፣ እግሯን ብቻ ፈቀቅ አደረገች። የአገሬው ሰው «ጠንካራ ሴት» ይላታል። ሰው ያላወቀውን ነገር ማመስገን ይወዳል፤ ጥንካሬ አይደለም፣ ከውስጥ የሚመልስ ጠፍቶ ነው። ልጇ እየሩስ ብቻ ታውቀዋለች። እናቷ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የምትለው የሰው አቤቱታ አንብባ በምትመልስበት ድምፅ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ኮምፒውተሯ በቫይረስ ተበልቶ አልነሳ አለ። ሸዕባን የሚባል የወልዲያ ጠጋኝ ለሌላ ሥራ መጥቶ ነበርና አስገብታ አሳየችው።

«እትዬ ሰብሌ፣ ይቺ አሮጊት ናት» አላት። «አብሽሪ፣ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም እጭንልሻለሁ። ቫይረስ የማይደፍረው፣ ለአሮጌ ማሽን የማይከብድ። አማርኛም ይናገራል።»

እውነትም አማርኛ ተናገረ። ነገር ግን ሁሉም ነገር ከቦታው ተነሥቷል፤ እንግዳ ገብቶ ጓዳዋን አስተካክሎላት የሄደ ይመስል ነበር። በመጀመሪያው ቀን ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ላይ የማለፊያ ቃሏን ብትጽፍ፣ ብትጽፍ፣ አንድ ፊደል አልታይ አላት። ቁልፎቹ ሞቱ ብላ ስትደውል ሸዕባን ሳቀ። «ትጽፊያለሽ፣ አይታይሽም እንጂ። ጨርሰሽ አስገቢው።» ሌላ ሰው ቢሆን ተናዶ ጠረጴዛውን ይመታ ነበር። እሷ የማይታየውን መጻፍ በአንድ ቀን ለመደችው።

ጠጋኙ ሲሄድ አንድ ወረቀት ማተሚያው ላይ ለጥፎላት ነበር። የማሽኗ ሰዓት መያዣ ባትሪ ስለሞተ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ይጠፋል፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት አንዲት ትእዛዝ ትጽፋለች፤ በትእዛዟ መጨረሻ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሰዓት። ሰብሌም አንድ ቀን ሳታጓድል ሞላች። የየትኛው አገር ዓመት እንደሆነ እሱ አልነገራት፣ እሷም አልጠየቀችው። ማሽኑ አማርኛ ይናገር የለም ወይ?

ሰኔ 10 ቀን 2016፣ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ እየሩስ ፍላሽ ይዛ እየሮጠች ገባች። ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። አንድ የሩቅ ከተማ የጤና ኮሌጅ አባት ወይም እናት የሞተባቸውን ዐሥራ ሁለት የላስታ ልጆች በነፃ ሊያስተምር ነው። የልጅቱ ስም ከተመረጡት ውስጥ ወጥቷል። የቀረው ቅጹን መሙላት ነው፤ ቅጹ ደግሞ በእጅ ተጽፎ አይቀበሉትም፣ በኮምፒውተር ተሞልቶ በፍላሽ መመለስ አለበት። ቅጹን የሚሰበስበው የኮሌጁ አስተባባሪ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ይሄዳል። በከተማው ያለው የሌላው ጽሕፈት ቤት ማሽን ደግሞ ለጥገና ከወጣ ወር አልፎታል።

«እማዬ፣ ዛሬ ካልሰጠሁት አለቀልኝ» አለች እየሩስ። «ሌላ ዓመት የለም።»

«እንሞላዋለን» አለች ሰብሌ። አግዳሚው ላይ አንድ ባለጉዳይ ነበሩ፤ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል፣ የማኅበራቸውን ማስታወቂያ ሊያሳትሙ የመጡ። «የኔታ፣ አንድ ጊዜ ይታገሡኝ?»

«ሙዪላት፣ ሙዪላት። እኔን ማን ያሯሩጠኛል?» አሉ።

ስም ሞላች። የትውልድ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ሞላች። «የአባት ሁኔታ» በሚለው ሥር ሁለት ቃላት ነበሩ፤ በሕይወት ያለ፣ በሞት የተለየ። ሁለተኛውን መረጠች። የሌላ ሰው ማመልከቻ ነበር የመሰላት። ቀጥሎ «የሞተበት ቀን» ይላል። እየሩስ ራሷ ቀበሌ ተመላልሳ ያወጣችውን የሞት ምስክር ወረቀት ዘረጋችላት። ሰብሌ አንድ ጊዜ እንኳ አንብባው አታውቅም ነበር። ከወረቀቱ ላይ አይታ ኖቬምበር 26፣ 2021 ብላ ጻፈች።

ማሽኑ ደወል ቢጤ አሰማና ትንሽ ሣጥን አወጣ።

«ይህ ቀን ገና አልደረሰም። እባክዎ አስተካክለው ይሙሉ።»

ሰብሌ አነበበችው። ደግማ ጻፈች። ገና አልደረሰም። በሰረዝ ጻፈችው፣ በነጥብ ጻፈችው፣ ወሩን በፊደል ጻፈችው። እባክዎ፣ ገና አልደረሰም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ተረቱን የፈጠረው ሰው ኮምፒውተር አልደረሰበትም እንጂ ሦስተኛ አድርጎ ይጨምረው ነበር። ያውም ሞኝ ሲሟገት ይሰድባል፤ ይሄ እባክዎ እያለ ነው።

«ምን ይላል?» አለች እየሩስ።

«አባትሽ የ… ቀኑን አልቀበልም ይላል።»

ለሸዕባን ደወለች። ሸዕባን በወልዲያ ጫጫታ መሃል ሆኖ ብዙ መላ ሰጣት። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆናል፣ በሌላ ስም አስቀምጠሽ ክፈቺው አላት፤ ከፈተችው። ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ መልሺው አላት፤ መለሰችው፤ ማሽኑ ቀኑን ገና አልደረሰም ማለቱን አልተወም። ፕሮግራሙን ነቅለሽ እንደገና ትከዪው ሲላት ኔትወርኩ ተቋረጠ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር፤ እሱም እሷም አላወቁትም። ሰባት ሰዓት አለፈ።

እየሩስ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጢጥ አለች። «አንቺ ምንም አይመስልሽም አይደል?» አለች ድንገት። «ብቀርም ምንም አይመስልሽም። አባዬ ሲሞትም ምንም አልመሰለሽ።»

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ጎርበጥ ብሏቸው ወደ በሩ አዩ። ሰብሌ ልጇን አየቻት። እንደገና ልትደውል ስልኳን ይዛ ደጅ ወጣች።

እሷ ደጅ ቆማ ስትሞክር ማሽኑ ሥራ ሲፈታ እንደልማዱ ራሱን ቆለፈ። በስክሪኑ ላይ ሰዓትና ቀን በትልቁ ተጻፈ። መሪጌታ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አፍንጫቸው ላይ አደረጉና ጠጋ አሉ።

«ሰኞ፣ ኦክቶበር ዐሥር» ብለው አነበቡ። «ኦክቶበር? በሰኔ ጥቅምትን ማን አመጣው? አንቺ ሰብሌ፣ ነይ እስቲ ልጄ።»

ገባች። ይህን ጽሑፍ ሦስት ሳምንት ሙሉ አይታው አልፋለች፤ አንድ ቀን አላነበበችውም።

«ለዚች ማሽን ቀኑን ማን ይነግራታል?»

«እኔ ነኝ፣ የኔታ። ጠዋት ጠዋት።»

«ዛሬ ምን ብለሽ ነገርሻት?»

«ሁለት ሺህ ዐሥራ ስድስት፣ ወር ዐሥር፣ ቀን ዐሥር።»

መሪጌታ ሳቁ፤ ሳቃቸውን ቶሎ ዋጡት። «በዓመተ ምሕረት ነግረሻታል። እሷ ፈረንጅ ናት፤ በአማርኛ ብትናገርም ፈረንጅ ናት። የፈረንጅ ወር የነገርሻት መስሏታል።» ከዚያ በአውራ ጣታቸው የሌሎቹን ጣቶች አንጓ እየነኩ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቆጠሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጾምና በዓል ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። «ኦክቶበር ዐሥር ማለት መስከረም ሠላሳ። ዓመቱ ሁለት ሺህ ዘጠኝ። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ከዐሥር ቀን ወደ ኋላ አስቀርተሻታል።»

«የፈረንጁን ቆጠራ የት ተማሩት?» አለች እየሩስ ከተቀመጠችበት ቀና ብላ።

«አባትሽ ነዋ ያስጠናኝ። እንግዶቹ በዓሉ በእኛ ቀን መቼ ነው እያሉ ሲያስቸግሩት፣ ማታ ማታ እየመጣ እኔ የእኛን እነግረው፣ እሱ የእነሱን ይነግረኝ ነበር።»

እየሩስ ተነሥታ ስክሪኑን አየችው። በጣቷ አንድ፣ ሁለት እያለች ቆጠረች።

«ሁለት ሺህ ዘጠኝ ላይ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ» አለች። «አባዬ አለ።»

ማሽኑ ልክ ነበር። በያዘው ቀን ኅዳር 2014 ገና አልደረሰም። መስከረም መጨረሻ 2009 እንግዳ መምጣት የሚጀምርበት ጊዜ ነው፤ ደሳለ ሰዎቹን አሸተን ማርያም አውጥቶ አውርዶ፣ ሲያስረዳ ውሎ ድምፁ ተዘግቶ ይገባል፤ እራቱንም በጥቅሻ ነው የሚጠይቀው። ሰብሌ ይህን አሰበችው። ሌላ ጊዜ ብታስበው ምንም አይላትም። አሁን ግን ደረቷ ላይ አንድ ነገር ተቀመጠ፤ ስሙን አላወቀችውም።

እጇን ወደ ቁልፎቹ ስትልክ እየሩስ ክንዷን ያዘቻት።

«እማዬ፣ ትንሽ ቆዪ።»

«ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

«ትንሽ። ትንሽ ብቻ።»

ስትጣደፍ የነበረችው ልጅቱ ራሷ ናት። ሰብሌ እጇን ሰበሰበች። ሦስቱም ማሽኑን አዩት፤ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረውም፤ ሰዓቱ አንድ ደቂቃ ጨመረ። ሰባት ተኩል ሆነ። እየሩስ ክንዷን ለቀቀቻት።

ሰብሌ ጥቁሩን መስኮት ከፈተች። ከወረቀቱ ላይ እያየች የሸዕባንን ትእዛዝ ጻፈች። መሪጌታ ሰኔ ዐሥር በፈረንጅ ስንት እንደሆነ ነገሯት፤ ሁለት ሺህ ሃያ አራት፣ ስድስት፣ ዐሥራ ሰባት። የማለፊያ ቃሏን ጻፈች፤ እንደ ወትሮው አልታየም። አስገባችው። ሰባቱ ዓመት አለፉ፤ በአንዲት ቁልፍ።

ከዚያ ወደ ቅጹ ተመለሰች። ኖቬምበር 26፣ 2021። ደወል የለም፣ ሣጥን የለም፣ እባክዎ የለም። ማሽኑ ቀኑን ተቀበለና ወደሚቀጥለው ባዶ ቦታ አለፈ።

የቀረውን በዐሥር ደቂቃ ሞላች፤ አንድ ስሕተት አልነበረውም። ፍላሹን ነቅላ ለልጇ ሰጠቻት። እየሩስ ተቀበለች፤ ግን በሩ ላይ ቆማ ቀረች፤ የምትጠብቀው ነገር ያለ ይመስል እናቷን ታያለች።

«አባትሽ ሞቷል፣ ልጄ» አለች ሰብሌ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነበር። «ሂጂ በይ፣ ሰዓቱ እንዳያልፍብሽ።»

እየሩስ ሮጠች። ሰብሌ በበሩ በኩል፣ ልጅቱ ባጃጅ አስቁማ ገብታ ከኩርባው እስክትጠፋ ድረስ አየቻት። ከዚያ የመሪጌታን ማስታወቂያ ልትጽፍ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ጣቶቿም ቁልፎቹ ላይ ዐረፉ። አልጻፉም። ፊደሉ ጠፋት፤ ዓይኗ ሞላ። «ወይኔ!» አለች በትንሹ። ከዚያ «ወይኔ ደሳለ!» ብላ ጮኸች፤ መንገደኛው ሁሉ ቆመ። ከወንበሩ ወደ መሬት ወርዳ፣ ደረቷን እየመታች፣ በቀብሩ ቀን ልትለው የሚገባትን ሁሉ በአንድ ጊዜ አለችው። መሪጌታ አላባበሏትም፤ ተነሥተው በሩ ላይ ቆሙ።

አጠገብ ሽንኩርት የምትሸጠው ብርቅዬ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ሮጣ መጣች። ደሳለን ከቀበሩት አራት ጎረቤቶች አንዷ ነበረች።

«የኔታ፣ ምንድን ነው? ማን ሞተ?»

«ደሳለ» አሉ መሪጌታ።

ብርቅዬ ወደ ውስጥ አየች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች፤ ከሰብሌ ጎንም መሬት ላይ ተቀመጠች።