እናቴ በሩን የዘጋችብኝ ዕለት

እናቴን ከቢቸና ወደ ሞጣ ያመጣኋት መርሳቷ እየበዛ ሲሄድ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በልብስ ስፌት የኖረች ሴት ናት፤ ቢቸና ውስጥ እሷ የሰፋችውን ቀሚስ ሳትለብስ የተዳረች ሴት ማግኘት ይከብዳል። መጀመሪያ የሰው ስም ይጠፋት ጀመር። ቀጥሎ የቆረጠችው ጨርቅ የማን እንደሆነ ግራ ይገባት ነበር። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ የራሷን ቤት አልፋ የደብረ ወርቅን መንገድ ተያያዘችው፤ የሚያውቃት ባለባጃጅ ነው አግኝቶ የመለሳት። ያን ዕለት ጎረቤቶቿ ደወሉልኝ። በሳምንቱ እሷንም የስፌት መኪናዋንም ጭኜ እኔና ባለቤቴ ወደምንኖርበት ቤት አመጣኋት።

ፀባይዋ ግን አልተለወጠም ነበር። ምግብ ባቀረብኩላት ቁጥር እንደ እንግዳ ታመሰግነኛለች። የታጠበ ልብስ ስሰጣት ጫፍ ለጫፍ አስተካክላ ታጥፋለች። እኔ ወልጄ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ፈቃድ ላይ በነበርኩ ጊዜም ልጄን ስታቅፋት ለሚያያት ምንም የረሳች ሴት አትመስልም ነበር። ስሟን ስትጠራ ትሳሳታለች እንጂ አያያዟ አይሳሳትም።

ነገሩ የተገለባበጠው በድንገት ነው። ሰኞ ቁርስ አልበላም አለች። ውሃ ስሰጣት ብርጭቆውን በእጇ ጀርባ ገፋችው። ማታ ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ግድግዳውን ተደገፈችና «ይሄ ሰውዬ ምን ሊወስድ ነው የመጣው?» አለችኝ። ባለቤቴን እንደ ልጇ ነበር የምታየው። በማግስቱ ፊቷን ላጥባት ስል ክንዴን ቆንጥጣ አደማችኝ። ደነገጥኩ፤ እጇን አንሥታብኝ አታውቅም።

«በሽታው ባሰባት» አልኩ ለባለቤቴ።

«ሊሆን ይችላል። ልጅቷን ግን ከእሷ ጋር ብቻዋን እንዳትተያት።»

ተናደድኩበት። እናቴን እንደ አውሬ የቆጠራት መሰለኝ። ባሕር ዳር ወደምናውቀው ሐኪም እንዳንወስዳት መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ መቼ እንደሚከፈትም የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እስከዚያው ትረጋጋለች ብዬ ጠበቅኩ።

ረቡዕ ጠዋት ባለቤቴ ሥራ እንደሄደ ልጄ አልጋዬ ላይ ተኝታ ነበር። እናቴ ሳሎን ውስጥ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች። የታጠበ ልብስ ላሰጣ ወደ ግቢው ወጣሁ። ገመዱ ላይ አንሶላ እየዘረጋሁ ሳለ የቤታችን በር ሲዘጋ፣ ከዚያ መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማሁ።

ሮጥኩ። በሩን ገፋሁት፤ አይነቃነቅም። በመስኮቱ ብረት መካከል ወደ ውስጥ ሳይ እናቴ ልጄን በግራ ክንዷ ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆማለች። በቀኝ እጇ ጨርቅ የምትቆርጥበትን ትልቁን መቀስ ይዛለች።

«እማዬ፣ ክፈችልኝ» አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ።

«ማነሽ አንቺ?»

«እኔ ነኝ፣ ልጅሽ።»

«ልጄ ይኸው እጄ ላይ ነው። አንቺን ማን ነው የላከሽ?»

ልጄ ነቅታ ማልቀስ ጀመረች። እኔም ራሴን መቆጣጠር አቃተኝና በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት። ይኼኔ መቀሱን ወደ በሩ ቀሰረችው። «በዚህ በር የሚገባውን እወጋዋለሁ!» አለች።

ለባለቤቴ ደወልኩ። እሱ እስኪደርስ ጩኸቴን የሰሙ ጎረቤቶች ግቢውን ሞሉት። አንዱ ስለ ጠበል ያወራል፣ ሌላው ፖሊስ ጥሩ ይላል። ባለቤቴ እያለከለከ ገባና መስኮቱን አንዴ አየት አድርጎ ዲጅኖ ሊያመጣ ሮጠ። ዲጅኖው በሩን ገና አንዴ ሲመታው እናቴ ወደ ጥግ ሸሸች። ልጄን ይበልጥ ጨመቀቻት፤ ለቅሶዋ ሲታፈን ሰማሁ።

«ተው! ተው! ትገድላታለች!» ብዬ ክንዱ ላይ ተንጠለጠልኩ።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለ።

ያኔ ነው እናቴ ከጥጉ ውስጥ፣ ለእኛ ሳይሆን ከእኛ ኋላ ላለ ለማይታየን ሰው፣ የተናገረችው። «ለአባቱ ንገሩት። ጡት ያልጣለ ልጅ ከእናቱ አይነጠልም በሉት። አልሰጥም።»

አባቱ። ጡት ያልጣለ። ልጄ ሴት ናት። የማንን ልጅ እንደያዘች የገባኝ ይህን ስትል ነው። እናቴ አባቴን ከማግባቷ በፊት ደብረ ኤልያስ ውስጥ ሌላ ትዳር ነበራት። ያ ትዳር ሲፈርስ የባሏ ዘመዶች መጥተው ገና የሚጠባውን ልጇን ወሰዱባት። ያ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው የሆነው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ እዚያው ያርሳል፣ ለበዓል ይጠይቃታል። እናቴ ይህን የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል። በእሷ ዓይን ግቢው ውስጥ የቆምነው ሰዎች ሁላችንም ያን ልጅ ልንወስድ የመጣን ነበርን።

ከአጠገቤ የቆሙትን ጨርቅ ነጋዴዋን ሙስሊም ጎረቤታችንን «እባክዎ ሰዉን ከግቢ ያስወጡልኝ» አልኳቸው። ምንም ሳይጠይቁኝ ሰዉን እየገፉ አስወጡና የግቢውን በር ዘግተው ከውጭ ቆሙ። ባለቤቴን ከቤቱ ጥግ፣ እሷ ከማታየው ቦታ እንዲቆም ለመንኩት። ዲጅኖውን አልለቀቀም፤ ግን ቆመ።

ወደ መስኮቱ ተመለስኩ። ልጅሽ ነኝ ማለቱን ተውኩት።

«እትዬ» አልኳት፣ «ሰዎቹ ሄደዋል። እኔ ከእነሱ ወገን አይደለሁም።»

«ምን ፈለግሽ ታዲያ?»

«ጎረቤት ነኝ። ልጅዎ ሲያለቅስ ሰምቼ ነው። ርቦት ይሆን?»

ልጄን አየቻት። ከዚያ ፊቷ ተጨማደደ። «ጡቴ ደርቋል» አለች። «ከድንጋጤው ወዲህ ደርቋል።»

የራሴ ጡት በልጄ ለቅሶ ፈስሶ ቀሚሴን አርሶት ነበር። «እኔም አራስ ነኝ» አልኩ። «ከፈቀዱልኝ ላጥባልዎ።»

«ይዘሽው ብትሮጪስ?»

«በሩን ከውስጥ መልሰው ይቆልፉት። እርስዎ ካልከፈቱልኝ አልወጣም።»

ባለቤቴ ከጥጉ ሆኖ በጭንቅላቱ «አይሆንም» ይለኛል። መቀርቀሪያው ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። በሩ ትንሽ ገርበብ ሲል ባለቤቴ አንድ እርምጃ ወደፊት ተራመደ፤ እጄን ከኋላዬ ዘርግቼ እንዲቆም አመለከትኩትና በጎኔ ሾልኬ ገባሁ። እናቴ ከጀርባዬ ቆለፈችው።

መሬት ተቀመጥኩ። መቀሱን ሳትለቅ ልጄን ቀስ ብላ ጭኔ ላይ አኖረችልኝ። ጡቴን ሳጎርሳት ለቅሶው ቆመ፤ የሦስታችንም ትንፋሽ ይሰማል። እናቴ ከአጠገቤ በርከክ አለች። የመቀሱ ጫፍ ከአንገቴ ሥር ነበር። ልትወጋኝ አስባ አይመስለኝም፤ እጇ ላይ መኖሩንም የረሳችው ይመስላል። እኔ ግን ብንቀሳቀስ ምን እንደሚሆን አላውቅም ነበር።

«ቀስ አድርገሽ፤ እንዳያንቀው» አለችኝ።

ትከሻዋ ትከሻዬን ሲነካኝ እንደ እሳት ትፋጃለች። ቀሚሷ ርሷል፤ የሽንት ሽታ ሸተተኝ። እነዚያን ቀናት ሁሉ ግንባሯን አንዴ እንኳ አልነካሁም ነበር።

«እትዬ፣ እጄ ዛለ። መቀሱን ያስቀምጡና ጭንቅላቱን ይደግፉልኛል?»

አሰበችበት። ከዚያ መቀሱን ወለሉ ላይ አኖረችና መዳፏን ከልጄ ማጅራት ሥር አስገባች። መቀሱን በእግሬ ቀስ እያደረግሁ ከመቀመጫው ሥር አስገባሁት። ትንሽ ቆይቶ ጭንቅላቷ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ተኝታ ይሁን ራሷን ስታ አላወቅሁም። ቀስ ብዬ ወለሉ ላይ አስተኛኋትና ተነሥቼ በሩን ስከፍት ባለቤቴ እኔንም ልጅቷንም አንድ ላይ አቀፈን።

እናቴን በባጃጅ እዚያው ሞጣ ያለው ሆስፒታል አደረስናት። የመረመረቻት ሐኪም የሆነውን ሁሉ ካዳመጠች በኋላ «የመርሳት በሽታ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው» አለችን። «ሰው እንዲህ በድንገት ሲለወጥ ሌላ ነገር ፈልጉ። ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ ሕመም፣ የውሃ ጥም ሊሆን ይችላል። ያመማቸውን መናገር ስለማይችሉ በፀባያቸው ነው የሚወጣው።» የሽንት ምርመራው ኢንፌክሽኑን አሳየ። ግሉኮስ ተተከለላት፣ መድኃኒት ጀመረች። ትኩሳቱ ሲወርድ ያ ፍርሃት ከዓይኗ እየለቀቀ ሄደ። አንድ ጠዋት ገንፎ ስሰጣት «እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ፤ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

መንገዱ ሲከፈት ወንድሜ ከደብረ ኤልያስ መጣ። የሆነውን በስልክ ነግሬው ነበር። አጠገቧ ተቀምጦ እጇን ያዘ።

«ከየት ነው የመጡት?» አለችው።

«ከደብረ ኤልያስ።»

«እዚያ ልጅ አለኝ» አለች።

«ደህና ነው እናቴ» አላት ወንድሜ። «አድጓል። ልጆችም አሉት።»

«ተመስገን» አለችና ትራሷን አስተካከለች።

ከዚያ ወዲህ የቤታችንን የውስጥ መቀርቀሪያዎች ባለቤቴ ነቅሏቸዋል። ሹል ነገር ሁሉ ከእጇ ርቋል። ወደ ቢቸና ትመለስ የሚል ክርክርም በመካከላችን ተነሥቶ ነበር፤ ሳንጣላበት ያለፈው ባለቤቴ ስለተሸነፈ አይደለም፣ ሁለታችንም እዚያ የሚጠብቃት ሰው እንደሌለ ስለምናውቅ ነው። ልጄን ለአፍታም ቢሆን ከእሷ ጋር ብቻዋን አልተዋትም። ስትታቀፍ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ ልጄ ትስቃለች፣ እናቴም ትስቃለች፣ እኔ የእናቴን እጆች እመለከታለሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ድምጿን ከፍ አድርጋ ሰሃኑን ገፋችው። ሄጄ ግንባሯን ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነበር። ውሃ ሰጠኋት፣ ጠጣች። ከዚያ ወጡ ጨው እንደበዛበት ነገረችኝ። ቀመስኩት፤ እውነትም በዝቶበታል።